«ሻይ አጠጥተን እናስታርቃቸው» ለሚል ቦርድ ምን ይባላል?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ እንቅልፍ አጥቼ ስሰቃይ ጓደኛዬ ወደ አንድ የሜዲቴሽን ማዕከል ወሰደኝ። ሦስት ዓመቴ ነው። አርባ የምንሆን ሰዎች ነን፤ ከአገራችን ሰው ያለነው እኔና አንዲት እህት ብቻ ነን። አምና የቦርድ አባል አደረጉኝ፣ በነጻ ነው የማገለግለው። ባለፈው እሁድ ይህቺ እህት ደብዳቤ ሰጠችኝ። ለመምህሩ ለብቻው የነገረችውን የልጅነት ጉዳይ ጉባኤ ፊት እንደ ምሳሌ አውርቶታል። ስሟን አልጠራም፤ ግን ሁሉም ገብቶታል። ማታ ማታ ቴክስት ይልክላታል። ሪትሪት (ለቀናት ተዘግተን የምንቀመጥበት ሱባኤ) ላይ ሦስት ሌሊት ሳትተኛ ቀርታ ስትንቀጠቀጥ ‹መንጻት ነው፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ› ብሏታል። ሰብሳቢያችን ‹ሁለቱን ሻይ አጠጥተን እናስታርቃቸው› ይላል። ስብሰባው ሐሙስ ነው። መምህሩ እኔን ከገደል አፋፍ ነው የመለሰኝ። ምን ላድርግ? ወደፊትስ ሰው ሳይፈራ አስተያየት የሚሰጥበት መንገድ እንዴት ይበጃል? ታናሽ ወንድምዎ።»

መልስ፦ ታናሽ ወንድሜ ካልክማ አንተ ልበልህ። የሐሙሱን ላስቀድም፣ ሌላው ይደርሳል። ሁለቱን ፊት ለፊት እንዳታስቀምጧቸው። ሻዩ ይቅር።

ሰብሳቢያችሁ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ሽምግልና የእኛ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ ፈረንጁም ነገር ሲከብደው ማንቆርቆሪያ ይጥዳል። አንተም ባትጽፈውም «የአገሬ ልጅ ናት፣ እኔ ልሸምግል» የሚል ሐሳብ ሽው ሳይልብህ አልቀረም። ሽምግልና ትልቅ ነገር ነው። ለባልና ሚስት፣ ለወንድማማች፣ በድንበር ለተጣሉ ጎረቤታሞች። እዚያ ሁለቱም የሚሉት አላቸው፣ ሁለቱም እምቢ ማለት ይችላሉ፣ ሽማግሌውም ሁለቱንም እኩል ይቆጣል። የእናንተ ጉዳይ ግን ጠብ አይደለም። አንዱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ሌላዋ ገብታ እጅ ትነሳለች። እሱ ገመናዋን ያውቃል፣ እሷ የእሱን አታውቅም። እንዲህ ባሉ ሁለት ሰዎች መሐል የሚወርድ እርቅ እርቅ አይባልም።

ይህን የምልህ ራሴ ተሳስቼ ስላየሁት ነው። ሙያዬ ሶሻል ወርክ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሜዲቴሽን ማዕከሎችን ቅሬታ ሲገጥማቸው አማክራለሁ። ገና ስጀምር አንድ ትንሽ ማዕከል ጠራኝ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ክብ ጠረጴዛ ነበረች። መምህሩ፣ አንዲት ሴትና እኔ ዙሪያዋን ተቀመጥን። ዝንጅብል ሻይ ቀረበ። መምህሩ አቀርቅሮ «ጎድቼሽ ከሆነ ይቅርታ» አለ። «ከሆነ» የምትለዋ ቃል ያኔ አልቆረቆረችኝም። ሴትየዋ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ «ይቅር ብያለሁ» አለች። ሻዩን ግን አልቀመሰችም። እኔ በኩራት መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። እሷ ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰችም። ግራጫ ሻርፗ መስቀያው ላይ ክረምቱን ሙሉ ተንጠልጥላ ከረመች። በዓመቱ ሌሎች ሁለት ሴቶች ስለዚያው ሰው ተመሳሳይ ነገር ይዘው መጡ። አንደኛዋ ማዕከሉን የተቀላቀለችው ከሻዩ በኋላ ነው። እሷን በራሴ ሒሳብ ነው የምቆጥራት።

በትልልቆቹም ቤት ያው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ኤይዶ ሺማኖ የሚባል፣ መጀመሪያ ሃዋይ የኖረ ጃፓናዊ የዜን (የቡድሂዝም አንዱ ዘርፍ) መምህር ነበር። እዚያው ሃዋይ የነበረው ሌላ መምህር፣ ሮበርት አይትከን፣ ሺማኖ ከሴት ተማሪዎቹ ጋር ስለነበረው ነገር ከ1964 ጀምሮ ወረቀት ሲሰበስብ ኖሯል። ሺማኖ ግን ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ ትልቅ መምህር ሆነ። አይትከን ለረጅም ጊዜ አደባባይ አልወጣም። ወረቀቶቹ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ገብተው ለዓመታት ታሸጉ። ሺማኖ ከኃላፊነቱ የወረደው በ2010 ነው። ከመጀመሪያው ወረቀት እስከዚያ 46 ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ኒውዮርክ ላይ በሩን አንኳኩታ የምትገባ አዲስ ተማሪ የሃዋዩን ወሬ ከየት ትስማው? «ሆድ ይፍጀው» ሲባል የሚፈጀው የማን ሆድ እንደሆነ እዚህ ታየዋለህ።

ሪግፓ የተባለው የቲቤት ቡድሂዝም ድርጅት ደግሞ አለ። በሐምሌ 2017 ስምንት ተማሪዎች ለመሥራቹ ለሶግያል ሪንፖቼ ረጅም ደብዳቤ ጻፉ። መደብደብ፣ ማዋረድ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ሁሉንም ዘረዘሩት። በወሩ ሰውዬው ከኃላፊነት ወረደ። በ2018 አንድ የለንደን የሕግ ድርጅት አጣርቶ ዋናው ነገር እውነት መሆኑን አረጋገጠ። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። አጣሪዋ ከፍተኛ ኃላፊዎች ቢያንስ የተወሰነውን እያወቁ እንዳላስቆሙት፣ በዚህም ሌሎችን ለአደጋ እንዳጋለጡ ጽፋለች። እነዚህ ኃላፊዎች ጭራቆች አልነበሩም። እንደ አንተ በነጻ የሚያገለግሉ፣ መምህራቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩባቸው።

«መምህሩ እኔን አድኖኛል» ላልከው መልሴ ከዚሁ ይጀምራል። ስምንቱ ጸሐፊዎች የሶግያል ጠላቶች አልነበሩም። ለዓመታት አጠገቡ የኖሩና ያገለገሉ ናቸው። አንተ ከእሱ ያገኘኸውን ማንም አይወስድብህም፤ እንቅልፍህ ተመልሷል፣ እሰየው። ግን እሱ ምስክርነት አይደለም። ለአንተ ጥሩ መሆኑ ለእሷ ምን እንደነበር አይነግረንም። ስለዚህ አጣሪ አትሁን። ሐሙስ ዕለት «ለመምህሩ ውለታ አለብኝ፣ ተማሪዋም የአገሬ ልጅ ናት፤ በሁለቱም በኩል ሚዛኔ ልክ አይሆንም» ብለህ በግልጽ ተናገርና ከማጣራቱ ውጣ። ሰብሳቢውም የመምህሩ የቅርብ ወዳጅ ከሆነ እሱም ይውጣ።

ምናልባት አንዱ ተነስቶ «መምህርን መተቸት ከትውፊቱ ጋር አይሄድም» ይላል። በእኔ ልምድ ሳይባል አይቀርም። እኛም የኔታ ፊት ቀና ብለን ሳናይ ያደግን ነንና ነገሩ ልባችን ውስጥ ይገባል። ግን በቡድሂዝም በኩል እውነቱ ሌላ ነው። የጥንቱ የመነኮሳት ሥርዓት ፓቫራና የሚባል ቀን አለው። የሦስት ወሩ የዝናብ ሱባኤ ሲያበቃ መነኮሳቱ ተሰብስበው እያንዳንዱ «በእኔ ላይ ያያችሁት፣ የሰማችሁት ወይም የጠረጠራችሁት ጥፋት ካለ በርኅራኄ ንገሩኝ» ይላል። የሚጀምረው ታናሹ አይደለም፣ አንጋፋው ነው። እንዲያውም በፓሊ (በጥንቱ የቡድሂስቶች መጽሐፍ ቋንቋ) ከተጻፉት በአንዱ ላይ ቡድሃ ራሱ አምስት መቶ መነኮሳት ፊት «በሥራዬም በንግግሬም የምትነቅፉት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ዳላይ ላማም በ1993 ሕንድ ውስጥ ዳራምሳላ ላይ ከምዕራባውያን መምህራን ጋር ሲመክር ያለው ከዚህ አይርቅም፤ ጥፋተኛ መምህር ተነግሮት ካልታረመ በይፋ ይውጣበት ነው። ስለዚህ አስተያየት መቀበል ከአሜሪካ ኩባንያዎች የተለቀመ ፋሽን አይደለም።

አሁን ደብዳቤዋን እንያት። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አንድ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ቦርዶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትተው «ቅሬታ» ብለው ሲጠሩት ነው።

የምስጢሩ ጉዳይ በጣም ግልጹ ነው። የነፍስ አባት የሰማውን ቢያወራ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ሳይኮቴራፒስት ቢያወራ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። የሜዲቴሽን መምህር ግን የመንግሥት ፈቃድ የለውም፣ የሚነጠቀውም የለም። ያለው ማዕከሉ የጻፈው ደንብ ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ የጻፋችሁት ያለ አይመስለኝም። «ስም አልጠራሁም» የሚለው መልስ አርባ ሰው ባለበት ቤት አይሠራም። ደንባችሁ ቢያንስ ይህን ይበል፦ ተማሪ ለብቻው የተናገረው ያለ ፈቃዱ ለትምህርት አይውልም። መምህሩ ከሌላ መምህር ጋር መመካከር ካስፈለገው ተማሪው አስቀድሞ ይወቅ። የሰው ሕይወት ወይም ሕፃን ልጅ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ምስጢር የለም።

የማታው ቴክስት ምን እንደሚል አላውቅም፣ አንተም አትጠይቃት። ስክሪንሹት አድርጋ ታስቀምጥ፤ ለአጣሪው ታሳየዋለች። «የነገ ክፍል ቀረ» ከሆነ ቀላል ነው። ግን በሌሊት የሚጻፍ ነገር ብዙ ጊዜ ስለ ክፍል አይሆንም። ጃክ ኮርንፊልድ የተባለው የታወቀ የሜዲቴሽን መምህር በ1985 ዮጋ ጆርናል ላይ አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። ካነጋገራቸው 54 መምህራን 15ቱ በድንግልና የሚኖሩ ናቸው። ከቀሩት 39ኙ 34ቱ ቢያንስ ከአንድ ተማሪ ጋር ወሲባዊ ግንኙነት ነበራቸው። አርባ ዓመት ያለፈው ጥናት ነው፤ ስለ እናንተ መምህር ምንም አይናገርም። ደንብ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ የቪፓሳና (አንዱ የቡድሂስት ሜዲቴሽን ዓይነት) መምህራን የሚመሩበት የታወቀ ደንብ፣ ነጠላ የሆነ መምህር ከቀድሞ ተማሪ ጋር ፍቅር ለመጀመር ከመጨረሻው ትምህርት በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር እንዲጠብቅ ይላል። እኔ ሦስት ወር አይበቃም ባይ ነኝ። የአሜሪካ ሳይኮሎጂስቶች ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው የሚጠብቁት፣ ከዚያ በኋላም በጭንቅ ነው የሚፈቀደው። ሦስት ወር እኮ አንድ ወቅት ናት፤ በረዶው ሳይቀልጥ ታልቃለች።

የእናንተን ክፍለ ግዛት በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የሚኒሶታ ሕግ መንፈሳዊ ምክር ልታገኝ በግል የምትመጣ ሴት ጋር ወሲብ የፈጸመን የሃይማኖት አገልጋይ በወንጀል ይጠይቃል፤ «ፈቅዳ ነው» የሚለው መከላከያ አይሆንም። የሜዲቴሽን መምህር በዚህ ይገባል አይገባም የጠበቃ ሥራ ነው። ደብዳቤዋ እዚያ ደርሷል እያልኩ አይደለም። ግን ጠበቃ ሳትጠይቁ ይህን ጉዳይ አትንኩት።

ሦስተኛው፣ መንቀጥቀጧ፣ ሰዎች የሚያቃልሉት ነው። እኔን ከሁሉም ያሰጋኝ እሱ ነው። ብራውን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዊሎቢ ብሪተንና ባልደረቦቿ በ2017 ባሳተሙት ጥናት ስልሳ ገደማ ሜዲቴሽን የሚሠሩ ሰዎችን አነጋግረው ከሜዲቴሽን ጋር የሚመጡ 59 ዓይነት ገጠመኞችን መዝግበዋል። ደስታና እርጋታ አለበት። ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ፈቃድ መንቀጥቀጥ፣ የድሮ ቁስል መቀስቀስም አለበት። ስለዚህ የሆነባት ነገር ብርቅ አይደለም። «መንጻት ነው» ማለቱ ምናልባት ራሱ የተማረው እንደዚያ ስለሆነ ይሆናል። ግን ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው «ተቀመጪ» አይባልም። ያስቆሟታል፣ ያበሏታል፣ በእግሯ እንድትንሸራሸር ያደርጓታል፣ እንቅልፏ ካልተመለሰ ሐኪም ይጠራሉ። እዚህ ላይ መምህሩ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሳያውቅ ሊሆን ይችላል። ሳያውቅ ከሆነ መፍትሔው ሥልጠና ነው፤ እስኪሠለጥን ሪትሪት ባይመራ። የመጀመሪያው ጥፋት ይቅርታና ደንብ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ማጣራት፣ ሦስተኛው ትምህርት። አየህ ለምን አንድ ከረጢት እንደማይበቃቸው?

እንግዲህ ሐሙስ ምን ይወሰን? ከመምህሩ ጋር ቅርበት የሌላቸው ሁለት የቦርድ አባላት ጉዳዩን ይያዙ። ከተቻለ አንዷ ሴት ትሁን። ማጣራቱን ግን እነሱ አይሥሩት፤ የመምህሩ ተማሪዎች ናቸው። ከውጭ ሰው አምጡ። አን ኦሊቭ ብራንች የሚባል፣ በ2011 ፒትስበርግ ካለ የዜን ማዕከል የወጣ፣ ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ድርጅት አለ። ገንዘብ ከሌላችሁ የሌላ ማዕከል ሰው፣ ወይም ጡረታ የወጣ የሰው ኃይል ባለሙያ ለምኑ። ውጤቱ እስኪታወቅ መምህሩ ለብቻ የሚያገኛቸውን ሁሉ ያቁም፤ የእሷን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም። የእሷ ብቻ ከቆመ ማን እንደከሰሰው በማግስቱ ይታወቃል። መምህሩ በቴክስትም በሰውም መልእክት አይላክባት።

ለመምህሩም ፍትሕ አለው። የተባለው ነገር በጽሑፍ ይድረሰው፣ በቂ ጊዜ ይሰጠው፣ መልሱን በጽሑፍ ያቅርብ፣ ከፈለገ አንድ ሰው ይዞ ይምጣ። እስከዚያ ጥፋተኛ ነው አይባልም። ሰው ይሳሳታል፤ ሰው በሰው ላይ የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ ተማሪው የጠቀሰው ቀን መምህሩ ሌላ ከተማ እንደነበረ የአውሮፕላን ትኬቱ አስረዳ፤ ተማሪው ሌላ ረዳት መምህር ማለቱ ነበር። በሻይ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ይህ አይገኝም ነበር፣ ንጹሑ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይሄድ ነበር።

ስለ ምስጢርነት አንድ ነገር ልበል። ጉዳዩን በጥንቃቄ መያዝና ጉዳዩን መደበቅ አንድ አይደሉም። የተማሪዋ ስምና ታሪክ አይወጣም። ማጣራት እንዳለ ግን ማኅበሩ ይወቅ፣ ሲያልቅም ምን እንደተወሰነ በሁለት አንቀጽ ይነገረው። ካልተነገረው ራሱ ይፈጥራል። ወሬ ደግሞ እንደምታውቀው ጫማ ሳያደርግ ይሮጣል።

ወደፊት ሰው እንዴት አስተያየት ይስጥ ላልከው፣ እኔ የሣጥን ነገር አልወድም። በር ላይ የተሰቀለ የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ የማገኘው የማስቲካ ወረቀት ነው። ውጤት ያለው፣ ሰው ራሱ ሳይመጣ የሚጠየቅበት መንገድ ነው። ከእያንዳንዱ ኮርስና ሪትሪት በኋላ ሦስት ጥያቄ ለሁሉም ይላክ፦ ምን ጠቀመህ? ምን አስቸገረህ? ያልተመቸህና ለመምህሩ ፊት ለፊት ልትነግረው የከበደህ ነገር ነበረ? ሦስተኛዋ ናት ሥራዋን የምትሠራው። ስም አይጻፍ፣ በኮምፒውተር ይሞላ፤ በአርባ ሰው መሐል የእጅ ጽሑፍ ስም ነው። መጀመሪያ የሚያነበው መምህሩ አይሁን። ሁለት ሰዎች አንብበው ይለዩት። «ድምፅህ አይሰማም»፣ «ክፍሉ ይቀዘቅዛል» የሚለው ተጠቃሎ ለመምህሩ ይሂድ፤ እሱም በሚቀጥለው ስብሰባ ምን እንዳስተካከለ ይናገር። ከባድ ነገር ከታየ ግን ወደ መምህሩ ሳይሄድ በሁለቱ ሰዎች እጅ ይቆይ። ሳንፍራንሲስኮ ዜን ሴንተር መሪው ሪቻርድ ቤከር ከአንድ የማዕከሉ ደጋፊ ሚስት ጋር በነበረው ግንኙነት በ1983 ተጋልጦ ከወረደ በኋላ የሥነ ምግባር ደንብና የቅሬታ ሥርዓት በጽሑፍ አወጣ። አሁን ብዙ ማዕከሎች መነሻ የሚያደርጉት እንዲህ ያሉትን ነው፤ እናንተም ከባዶ አትጀምሩም። የሁለቱ ሰዎች ስምና ስልክ ጫማ ከሚወልቅበት ቦታ በላይ ይለጠፍ። ሰው ሁሉ ጎንበስ ሲል ያየዋል።

አሁን የቀረው እሷ ናት። እሁድ ደብዳቤ ሰጥታህ እስከ ሐሙስ ምንም ካልሰማች ምን እንደምታስብ ገምት። ዛሬ ማታ ጻፍላት። «ለምን ያኔ ዝም አልሽ?» አትበላት። «ለማንም አልናገርም» ብለህም ቃል አትግባ፣ አትጠብቀውም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍላት ነበር፦

«ደብዳቤሽን አነበብኩት። ስለሰጠሽኝ አመሰግናለሁ። እኔ ለመምህሩ ቅርብ ስለሆንኩ ጉዳዩን እኔ አልይዘውም፤ በሐሙሱ ስብሰባ ጉዳዩን የሚይዙ ሁለት ሰዎች እንዲመረጡ እጠይቃለሁ። ስማቸውን ሳልነግርሽ ደብዳቤሽን ለማንም አልሰጥም። እንዲያየው የማትፈልጊው ሰው ካለ እስከ ረቡዕ ንገሪኝ። ከእሱ ጋር ቁጭ እንድትዪ ማንም አያስገድድሽም። እንቅልፍሽ እንዴት ነው?»